የሰው ልጅ በሰው ቤት

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳ ሥራና ስለ ትዳር ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ከወትሮው ትንሽ ወጣ ብለን፣ ከባሕር ማዶ መጥታ በአንዲት አነስተኛ የአገራችን ከተማ ስለ ኖረች በጎ ፈቃደኛ ወጣት እናወራለን። «የፈረንጅ ልጅ ኑሮ ለሴቶችና ለቤተሰብ ዓምድ ምኑ ነው?» የምትል እኅት ብትኖር አልፈርድባትም። እኔም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ብዬ ነበር።

ታሪኩ የአክስቴ ቤት ታሪክ ነው። አክስቴ የሚኖሩት በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ከግቢያቸው ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ለመምህራን እያከራዩ የጓዳቸውን ቀዳዳ ይደፍናሉ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ክፍሏን የተከራየችው መምህርት ግን አሜሪካዊት ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ አራት ነው። ፈቃዷን አልጠየቅኋትምና ስሟን አልጽፍም፤ እንዲያው «ልጅቱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የመጣችው «የሰላም ጓድ» በሚባለው ድርጅት አማካይነት ነው። ታላላቆቻችን ይህን ስም በሚገባ ያውቁታል። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1961 ያቋቋሙት ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ናቸው። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን መግቢያ ላይ ከ270 በላይ የሚሆኑ ወጣቶች አዲስ አበባ ደርሰው፣ በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሆነው ተሠማሩ። ከእነዚያ አንዱ የነበረውና ወሊሶ ላይ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ በአገሩ ሴናተር ለመሆን በቅቷል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ከአገራችን ወጣ፤ በ1995 ተመለሰ፤ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ እንደገና ወጣ፤ በ2007 ደግሞ ዳግመኛ ተመለሰ። የእኛይቱ ልጅ ከእነዚህ ከኋለኞቹ አንዷ ነበረች።

የአገልግሎቱ ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ወር ያህል ሥልጠና አለ፤ በዚያ ጊዜ ሠልጣኞቹ በቤተሰብ ውስጥ እየኖሩ ቋንቋና ባህል ይማራሉ። ከዚያም ወደ ተመደቡበት ከተማ ይሄዳሉ። የሚሰጣቸው ደመወዝ ሳይሆን እንደ አካባቢው ሰው የሚያኖር አበል ነው። ዕረፍታቸው በወር ሁለት ቀን ይታሰባል። ሞተር ብስክሌት መንዳት አይፈቀድላቸውም። ከከተማቸው ርቀው ሲያድሩ ማሳወቅ አለባቸው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለው ነው። ለመሆኑ የእንዲህ ያለች ልጅ ውሎና አዳር ምን ይመስል ነበር?

ቀኑ የሚጀምረው በውሃ ነው። በአክስቴ ሰፈር የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በሌሊት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቱ ተኝታ ውሃው መጥቶ ሄደ። በማግስቱ አክስቴ ከራሳቸው ጀሪካን ቀንሰው ሰጧት፤ በሚቀጥለው ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሯን አንኳክተው «ተነሽ ልጄ፣ ውሃ መጣ!» አሏት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ጋቢ ተከናንበው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጀሪካን መሙላት ጀመሩ። በዓመቱ በሩን የምታንኳኳው እሷ ሆነች። «እማማ፣ ተነሱ፣ ውሃ!» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ይነቃ ነበር።

ልብስ ማጠብ ሌላው ትምህርት ነበር። በሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ጊዜ አንሶላ ስታጥብ የጣቶቿ ቆዳ ተላጠ። አክስቴ ሳሙናውን ነጥቀው ሊያጥቡላት ሲሉ እምቢ አለች፤ «እንግዲያውስ በእጅሽ መዳፍ ሳይሆን በአንጓሽ እሺ» ብለው አሳዩዋት። ምግቡም እንዲሁ ነው። ሽሮ ወደደች። በሞቴ ሲሏት ግን እንዴት እምቢ እንደሚባል ስለማታውቅ የቀረበላትን ሁሉ እየበላች ሆዷን ታመመች። ከዚያ በኋላ ነው አክስቴ ውሃዋን አፍልተው፣ በሞቴ ማለቱንም ቀነስ ያደረጉት። ልጅቱም «ጠገብኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ እጅን ደረት ላይ ማድረግን ተማረች።

ሰዓት አቆጣጠራችን እስከ መጨረሻው አስቸግሯታል። በሥልጠናው ጊዜ ተምራዋለች፤ ነገር ግን የተማሩት ሁሉ አይያዝም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር «ነገ በሁለት ሰዓት ነዪ» ቢሏት እሷ በስምንት ሰዓት ደረሰች። ሌላ ጊዜ ደግሞ አክስቴ እንደ አገራችን ልማድ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው እሺታቸውን ቢገልጹላት፣ ያመማቸው መስሏት ሮጣ ውሃ አመጣችላቸው። ይህን እስከ ዛሬ ያወራሉ።

በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች። በአንድ ክፍል ስልሳ ያህል ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ማታ መብራት ሲጠፋ በሻማ ፈተና ታርማለች። በሥልጠናው ላይ በቡድን አስተምሪ ተብላለች፤ ወንበሩ ግን ከወለል ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያናድዳት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ዘግታ ታለቅስ እንደነበር አክስቴ ያውቃሉ፤ ግድግዳው ስስ ነውና ይሰማል።

ያስለቀሳት ግን የትምህርት ቤቱ ነገር ብቻ አልነበረም። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። በዚያ መንገድ ላይ ሕፃናቱ «ፈረንጅ! ፈረንጅ! ብር ስጪኝ!» እያሉ ይከተሏታል። ጎረምሶች ደግሞ ከዚህ የከፋ ይናገራሉ፤ አንዳንዱም እጇን ይይዛታል። በገበያ ዋጋው እጥፍ ይሆንባታል። ከአዋቂዎቹም መካከል «ደመወዝ የማትቀበል ሰው ለምን መጣች? ሰላይ ሳትሆን አትቀርም» የሚል አልጠፋም። እሷ ይህን ሁሉ ትሰማለች፤ በተለይ ቋንቋውን እየለመደች በሄደች መጠን የበለጠ ትሰማለች። እህቶቼ፣ ይህ የእኛ ጉድለት ነው። በየቀኑ አርባ ጊዜ በስሟ ሳይሆን በቆዳዋ ቀለም የምትጠራ ወጣት ምን እንደሚሰማት ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነበር።

አክስቴ አሰቡበት። አንድ ቅዳሜ ነጠላቸውን አጣፍተው ልጅቱን ይዘው ገበያ ወጡ። ሽንኩርት ሻጯ ዘንድ፣ በርበሬ ሻጯ ዘንድ፣ ጎረምሶቹ በሚቆሙበት ጥግ ሳይቀር እየቆሙ «ይቺ ልጄ ናት፤ የሚነካት እኔን ነካ» አሉ። ሌላ ንግግር አላደረጉም። ከዚያ ቀን በኋላ ስድቡ ፈጽሞ ጠፋ ባልልም፣ በዚያ ሰፈር ግን በስሟ የሚጠሯት በዙ።

ቀሪውን የሠራው ለቅሶ ነው። በዚያው ዓመት አንድ ጎረቤት አረፉ። ልጅቱ ምን እንደሚደረግ ባታውቅም አክስቴን ተከትላ ድንኳን ገባች፤ ነጠላ ተከናንባ ሦስቱንም ቀን ዝም ብላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ንፍሮም አደለች። በለቅሶ ቤት አብሮ የተቀመጠን ሰው ማን ሰላይ ይለዋል? የእድሩ ሴቶች ከዚያ ወዲያ በቡና ላይ የሚጠሯት እንደማንኛዋም ጎረቤት ነበር።

ስለ ቡና ካነሳሁ አይቀር፣ ልጅቱ መጀመሪያ ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል መቀመጡ ሥራዋን የሚያስፈታት መስሏት ነበር። ኋላ ግን የሰፈሩ ጉዳይ የሚቆረጠው እዚያ መሆኑን ተረዳች። ትልቁን ሥራዋንም የጀመረችው በአክስቴ ረከቦት ዙሪያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በየወሩ ጥቂት ቀን ከትምህርት ቤት የሚቀሩ ሴት ተማሪዎች መኖራቸውን አስተውላለች። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ የወር አበባ ሲመጣ የሚያደርጉት ንጽሕና መጠበቂያ የላቸውም፤ በትምህርት ቤቱም ውሃ የለም። ልጅቱ ይህን በስብሰባ ላይ ብታነሳው ኖሮ አንገት ከመድፋት በቀር መልስ ባላገኘች ነበር። በቡና ላይ ግን እናቶቹ ራሳቸው አወሩት። አንዷ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ሌላዋ መቀስ፣ ሦስተኛዋ የልብስ ስፌት መኪናዋን ሰጠች። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደገና የሚያገለግል መጠበቂያ መስፋት ለተማሪዎቹ ተማሩ። የልጃገረዶች ክበብም በዚሁ ተመሠረተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። ክበቡን ብቻዋን አልያዘችውም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የከተማዋን ተወላጅ አንዲት የባዮሎጂ መምህርት አጠገቧ አስቀመጠች። «እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ ግን እዚህ ነሽ» ትላት ነበር ይባላል። የዚህን ቁም ነገር ኋላ እናየዋለን።

አሁን ወደ አክስቴ ልመለስ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ «ለዚች ልጅ ይህን ያህል መድከምዎ ለምንድን ነው? ኪራይ ትከፍል የለ?» አልኳቸው። ሲኒውን እያጠቡ ነበር። ቀና ሳይሉ «የእኔም ልጅ በሰው ቤት ናት» አሉኝ።

አክስቴ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። በ2009 ዓ.ም. በቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ቀጥሎ በወር አንድ ጊዜ ሆነ። ኋላ ስልኳን አሠሪዋ እንደወሰደችባት ከሌላ ሴት ተሰማ። አራት ወር ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ ነው አክስቴ በሌሊት እየተነሡ ለሰው ልጅ ውሃ የቀዱት። «እኔ ይቺን ባበላት እዚያ ያለችውን ደግሞ የሆነች ሴት ታበላልኛለች እላለሁ» አሉኝ። ስእለት ይሁን ተስፋ አልጠየቅኋቸውም።

የልጅቱ እናት ደግሞ በአሜሪካ ሆነው ማታ ማታ ይደውላሉ። እዚህ ሲመሽ እዚያ ቀን ነው። አንድ ጊዜ ልጅቱ ስልኩን ለአክስቴ ሰጠቻቸው። አንዳቸውም የሌላቸውን ቋንቋ አያውቁም። አክስቴ «ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ በልታለች» አሉ፤ እኚያም በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አሉ፤ ከዚያም ሁለቱም ሳቁና በኋላ ዝም አሉ። ልጅቱ ግን አላስተረጎመችም። የሚያስፈልግ አልመሰላትም።

ነገር የተለወጠው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በ7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። በእነዚያው ቀናት የሰላም ጓድ በስልሳ ያህል አገሮች የነበሩትን 7 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞቹን በሙሉ ወደ አገራቸው ጠራ። በድርጅቱ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር። ልጅቱ ጥሪው ሲደርሳት የአገልግሎት ዘመኗ ሊያልቅ ስድስት ወር ያህል ይቀራት ነበር። ዕቃዋን ሰብስባ ለመውጣት የተሰጣት ጊዜ ሁለት ቀን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ተማሪዎቿን አልተሰናበተችም። ክበቡ የሰፋውን የጨርቅ ሳጥን ለባዮሎጂ መምህርቷ አስረከበች። አክስቴ ቆሎና በርበሬ ቋጠሩላት። «እማማ፣ ስድስት ወር ይቀረኝ ነበር» ብላ በር ላይ አለቀሰች። በዚያን ጊዜ መተቃቀፍ ክልክል ነው ይባል ነበር፤ አክስቴ ግን አቀፏት።

ከዚህ የሚቀጥለውን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኛል። በዚያው ዓመት ሊባኖስ በኢኮኖሚ ቀውስ ተመታች፤ ገንዘቧ ረከሰ። ብዙ አሠሪዎች የቤት ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ አቆሙ፤ በ2012 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ላይ በቤይሩት ጎዳና ላይ ያለ ፓስፖርትና ያለ ደመወዝ የተጣሉ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችንን ምስል ዓለም ሁሉ አይቶታል። የአክስቴ ልጅ ከሥራ ቤቷ የወጣችው በዚያው ወራት ነው። በአንዲት ክፍል ከሌሎች ስምንት ሴቶች ጋር እየተዛዘለች ቆይታ፣ በ2013 ዓ.ም. ባዶ እጇን ተመለሰች። ያበላቻት ሴት ነበረች ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። ነበረች፤ አንዲት በፎቅ ላይ የምትኖር አርመናዊት አሮጊት በገመድ ቅርጫት እያወረደች ዳቦ ትሰጣቸው ነበር። ይህን ስትነግረኝ አክስቴ ከማድ ቤት ሆነው ይሰማሉ።

ውድ አንባብያን፣ ሁለቱ ልጆች ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ከእናታቸው ቤት ወጥተው በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በሰው ቋንቋ ኖረዋል። ብርዱንም፣ ናፍቆቱንም፣ የመንገድ ስድቡንም ሁለቱም ቀምሰዋል። አንዷ ግን ክፉ ቀን ሲመጣ በሁለት ቀን ውስጥ አውሮፕላን ተሳፈረች። ሁለተኛዋ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ ከቤቱ በወጣችበት ሰዓት ሕገ ወጥ ተባለች። አንዷ ጎበዝ ሌላዋ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ልዩነቱ ከመሄዳቸው በፊት በተፈረመው ወረቀት ላይ ነው።

ስለሆነም ልጃቸው በበጎ ፈቃደኝነትም ሆነ በሥራ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተነሳችባቸው እናቶች፣ ሻንጣ ከመግዛታቸው በፊት እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ እመክራለሁ። ዛሬ የእኛም ወጣቶች በተባበሩት መንግሥታትና በአፍሪካ ኅብረት የበጎ ፈቃድ ፕሮግራሞች በሌሎች አገሮች ያገለግላሉና ጥያቄዎቹ ለሁሉም ያስፈልጋሉ።

አንደኛ፣ ፓስፖርቷ በማን እጅ ይቀመጣል? ከራሷ በቀር በማንም እጅ መሆን የለበትም።

ሁለተኛ፣ ብትታመም የሚያሳክማት ማን ነው? ይህ በጽሑፍ ሰፍሯል ወይ?

ሦስተኛ፣ የመመለሻውን ቲኬት የሚከፍለው ማን ነው? ዘመኗን ሳትጨርስ መመለስ ቢያስፈልጋትስ?

አራተኛ፣ የምታድረው የት ነው? በሯ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ?

አምስተኛ፣ በሌሊት ችግር ቢደርስባት የምትደውልለት ሰው ማን ነው? ስልኩስ በእሷ እጅ ነው ወይ?

ለእነዚህ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ ደላላው የሚናገረው የደመወዝ ብዛት ልባችንን ሊያሸፍተው አይገባም። በሌላ በኩል በበጎ ፈቃድ የሄደች ልጅ ያላት ቤተሰብ ደግሞ አበሏ መኖሪያዋ እንጂ ደመወዝ አለመሆኑን ይረዳላት። «የእገሊት ልጅ ይህን ያህል ላከች» የሚለው ንግግር በስልክ ሲደርሳት፣ ከሩቅ አገር ብርድ ይልቅ የሚያቀዘቅዛት እሱ ነው።

እንግዳ የሚቀበሉ ቤተሰቦችም አይዘንጉ። ከሰው አገር የመጣች ልጅ የሚያስፈልጋት ድግስ አይደለም። ውሃ ሲመጣ የሚቀሰቅሳት፣ ገበያ አብሯት የሚወጣ፣ ልጆቹን «በስሟ ጥሯት» ብሎ የሚቆጣ አንድ ሰው ይበቃታል። ይህ ከውጭ አገር ለመጣችው ብቻ ሳይሆን ከገጠር መጥታ በየቤታችን ለምታገለግለውም ልጅ የሚሆን ነው። እሷም የአንዲት እናት ልጅ ናት። ለእሷ ስንት ጊዜ በስሟ ጠርተናታል? ስልኳስ በማን እጅ ነው? ቤይሩት ላይ የምንኮንነውን በጓዳችን ስንፈጽም እንዳንገኝ እንጠንቀቅ።

ከልጅቱ ሁለት ዓመት የማይሞላ ቆይታ ምን ቀረ ለምትሉኝ፣ የተማሪዎቹ እንግሊዝኛ ፈጽሞ ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። በአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም። ክበቡ ግን አለ። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የባዮሎጂ መምህርቷ ሳጥኑን ከፈተች። አሁን መስፋቱን የሚያስተምሩት ያኔ ተማሪ የነበሩት ናቸው። ልጅቱ ብቻዋን ይዛው ቢሆን ኖሮ ሳጥኑ ከእሷ ጋር በተዘጋ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ በዚያችው ሰርቪስ ቤት ትኖራለች። ቡና አፍልታ ትሸጣለች። ልጅቱ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ትደውላለች፤ አማርኛዋ እየተሰባበረ ሄዷል፤ ቢሆንም «እማማ፣ ውሃ መጣ ወይ?» ማለትን አልረሳችም። አክስቴም በስልክ «መጣ ልጄ፣ ቀድተናል» ይሏታል።

ሳምንት በሌላ ርዕስ እስከምንገናኝ ደህና ሰንብቱ።